ጥላ ወደ ደቡብ በሚዞርበት ምድር

በኢትዮጵያ የፀሐይን ሥፍራ አስቀድሞ የማወቅ ጥበብ ካሜራን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ፣ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት ኆኅቶች ማለትም በሮች እየወጣች በምዕራብ በስድስት እንደምትገባ ያስተምራል፤ ዕለቱንም በ18 ከፍሎ በረጅሙ ቀን 12ቱን ክፍል ለብርሃን፣ 6ቱን ለሌሊት ይሰጣል። ይህ ምጣኔ ከኢትዮጵያ ሰማይ ጋር አይገጥምም፤ ለምሳሌ በደቡቧ ከተማ በአርባ ምንጭ ረጅሙ ቀን አጭሩን የሚበልጠው በ42 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነውና። የበሮቹ ሐሳብ ግን ዛሬም ያገለግላል፤ የፀሐይ መውጫ በዓመት ውስጥ ከትክክለኛው ምሥራቅ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል እየተመላለሰ የአድማሱን በሮች ያዳርሳል።

ከሄኖክ ይልቅ ለዕለት ኑሮ የቀረበው መሣሪያ የሰው ጥላ ነበር። ሰው በሜዳ ቆሞ የጥላውን ጫፍ ምልክት ካደረገ በኋላ በገዛ እግሩ ጫማ እየቆጠረ ርዝመቱን ይለካል፤ ረጅም ሰው እግሩም ስለሚረዝም ልኬቱ ከሰው ሰው ብዙ አይለያይም። ከየወሩ ጋር የጥላውን ጫማ የሚያዛምዱ ሠንጠረዦች በግእዝ ብራናዎች የሚገኙ ሲሆን፣ የሥነ ፈለክ ታሪክ ምሁሩ ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ ባሳተመው መጽሐፍ መርምሯቸዋል። የጥላ ሠንጠረዥ ሁሉ ግን ለኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ላለው ርቀት፣ ተገዢ ነው።

አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ያህል ርቃ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት 27 አካባቢና በጳጉሜን መባቻ፣ በአናቷ ላይ ታልፋለች፤ በእነዚህ ቀናት እኩለ ቀን ላይ የቆመ ሰው ጥላውን ከእግሩ ሥር ይረግጠዋል። ቁመቱ 7 ጫማ የሆነ ሰው በታኅሣሥ አጋማሽ የእኩለ ቀን ጥላው ወደ ሰሜን 4 ጫማ ያህል ሲዘረጋ፣ በሰኔ አጋማሽ ግን ከ2 ጫማ ጥቂት በልጦ ወደ ደቡብ ይዞራል። ርዝመትን ብቻ የሚቆጥር ሠንጠረዥ ይህን መዞር አያሳይም፤ ለፎቶግራፍ አንሺ ግን ዋናው ቁም ነገር አቅጣጫው ነው።

እኩለ ቀን ሲባልም ልክ ስድስት ሰዓት ማለት አይደለም። የአገሪቱ ሰዓት በ45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ የተወሰነ ሲሆን አርባ ምንጭ ከዚያ በስተ ምዕራብ 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለምትርቅ፣ ፀሐይ ከፍታዋን የምትይዘው በአማካይ ከቀኑ 6:30 ነው፤ በጥቅምት መጨረሻ እስከ 6:13 ትቀድማለች፣ በየካቲት መጀመሪያ እስከ 6:44 ትዘገያለች።

ካሜራ ወደዚህ አካባቢ የመጣው በአሳሾች እጅ ነው። ቪቶሪዮ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1896 ወደ አባያ ደርሶ ሐይቁን በጣሊያን ንግሥት ስም ማርጌሪታ ብሎ ሰየመው፤ የጉዞው ታሪክም ባልደረቦቹ ቫኑቴሊና ቺቴርኒ እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተሙት መጽሐፍ ቀረበ። ከዚያ በኋላ በመጡት ዘመናት ከፊልም ጥቅል ጋር የሚሸጠው መመሪያ ወረቀት ስለ ብርሃኑ ብርታት እንጂ ፀሐይ በየትኛው ጋራ በኩል እንደምትወጣ አይናገርም ነበር። ይህን ክፍተት የሞሉት እንደ ፎቶፒልስ ያሉ፣ የፀሐይን መንገድ በካርታ ላይ የሚስሉ የስልክ መተግበሪያዎች ናቸው።

እነዚህም የሌላ አገር ልማድ ይዘው መጥተዋል። ወርቃማው ሰዓት የሚባለው፣ ፀሐይ ከአድማስ እስከ 6 ዲግሪ ከፍታ የምትቆይበት ለስላሳ ብርሃን፣ በስቶክሆልም በመስከረም እኩሌታ 47 ደቂቃ ያህል ሲዘልቅ በአርባ ምንጭ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ 24 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህም በአጋጣሚ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የዕለት ስልሳኛ እጅ አድርገው ከሚቆጥሩት ከአንድ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው፤ የዛሬው ጂኦግራፊ ቃሉን ለሌላ ልኬት መስጠቱ ብቻ ያሳዝናል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ተራራው ነው። መተግበሪያ አድማሱን እንደ ባሕር ጠፍጣፋ አድርጎ ካሰላ፣ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ወደ ጨንቻና ዶርዜ የሚወጣውን የጋሞ ደጋ አይቆጥርም። ተራራው ከተመልካቹ ዓይን 10 ዲግሪ ከፍ ቢል ፀሐይ ከተሰላው ጊዜ 40 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትሰወራለች፤ ወርቃማው ብርሃንም ሳይደርስ ጥላ ከተማዋን ይሸፍናል። ከከተማዋ ገደል አፋፍ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሐይቆቹ ሲታይ በጠዋት ፀሐይ ሌንሱን ፊት ለፊት ስለምትመታ፣ የእግዜር ድልድይ በሚባለው የብስ የተለያዩት የአባያ ቀይ ቡናማ ውኃና የጎረቤቱ የጫሞ ሐይቅ ሰማያዊ የሚለዩት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በአንሺው ጀርባ ሆና ደጋው ሳይጋርዳት ባለው ጊዜ ነው።