ሲዘጋ የሚናገር ሰንጢ

ሰንጢ ሊገዛ ስለቱን ብቻ በአውራ ጣቱ የሚዳስስ ሰው ዋናውን ነገር ሳያይ ይሄዳል። የዶለዶመ ስለት በመሳያ ድንጋይ ይመለሳል፤ የላላ ሞላ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። በሰሜን እንግሊዝ የሸፊልድ ከተማ ሰንጢ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ሥራቸውን በጆሯቸው ጭምር ይመዝኑት ነበር። ጥሩ ሰንጢ «ይራመዳል፣ ይናገራል» ይላሉ። ብረቱ ከእጀታው ሲወጣ ሳይንገጫገጭ፣ በአንድ ልክ እየተጎተተ ከመጣ ተራመደ፤ ተከፍቶ ሲያበቃና ሲዘጋ ቀጭ ካለ ተናገረ።

የሸፊልድ ስም ጥንታዊ ነው። ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፋቸው «የካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ እንኳ የሸፊልድ ቢላዋ የያዘ ባለወፍጮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1624 የቢላዋ ሠሪዎቹ ማኅበር በፓርላማ ሕግ ተቋቋመ፤ እያንዳንዱ ባለሙያም በብረቱ ላይ የሚመታውን ምልክት በማኅበሩ ያስመዘግብ ነበር። በ1740ዎቹ ደግሞ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ መጣ። ሰውየው ይፈልግ የነበረው ለሰዓት ሞላ የሚሆን አስተማማኝ ብረት ነበር። ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ አቅልጦ፣ ወጥና ጠንካራ የሆነ አረብ ብረት አገኘ። የሸፊልድ ሰዎች መጀመሪያ «በጣም ደረቅ ነው» ብለው እንደገፉት፣ ፈረንሳዮች ሲገዙት ግን እንደደነገጡ ይነገራል።

ስም ሲገን አስመሳይ ይበዛል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከጀርመን፣ በተለይም ከዞሊንገን፣ «ሸፊልድ» የሚል ማኅተም የተመታባቸው ርካሽ ቢላዎች ገበያውን አጥለቀለቁት። ብሪታንያ በ1887 ባወጣችው የንግድ ምልክት ሕግ የውጭ ዕቃ የመጣበትን አገር እንዲናገር አስገደደች። ዞሊንገንም በተራዋ የስሟ ነገር አሳስቧት፣ በ1938 በሕግ አስከበረችው።

ማኅተም እንዲህ የሚዋሽ ከሆነ ሰንጢውን ራሱን መጠየቅ ይሻላል። ዘግተው ወደ ብርሃን ያንሡት፤ በሞላውና በውስጡ ባሉት የናስ ሉሆች መካከል ብርሃን ሾልኮ መታየት የለበትም። ከፍተው ጀርባውን በጥፍር ይዳስሱ፤ ሞላው ከእጀታው ጠርዝ ጋር እኩል ከሆነ ጥፍር የሚይዘው ነገር አያገኝም። ሲዘጋም እንደዚያው መሆን አለበት። ግማሽ ላይ አቁመው ሲዳስሱትም እኩል ሆኖ ከተገኘ በእውነት የባለሙያ እጅ ነው፤ ይህን ለማግኘት ሠሪው ሞላውን እየሞረደ፣ እየገጠመ፣ እየፈታ ደጋግሞ ይደክማልና። ከዚያ ብረቱን ወደ ጎን ይግፉት። ከተወዛወዘ ማያያዣው ምስማር (ሪቬቱ) ልክ አልያዘም። የቀንዱ ወይም የእንጨቱ እጀታ ያማረ መሆኑ ይህን ጉድለት አይሸፍንም።

በ1851 ለለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን የተሠራው የኖርፎክ ቢላዋ 75 ስለቶች አሉት። ያየው ሁሉ ያደንቀዋል፤ እኔ ግን ከእሱ ይልቅ በየጠባቧ ክፍል ተከራይተው ለኪስ የሚሆነውን ይሠሩ የነበሩትን፣ ከተማዋ «ትንንሽ ጌቶች» የምትላቸውን፣ አስባለሁ። ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብለው የሚስሉት ሠራተኞች የብረቱንና የድንጋዩን ብናኝ እየሳቡ ብዙዎቹ ገና በጎልማሳነታቸው በሳንባ በሽታ ሞተዋል። እያንዳንዱን አሮጌ የሸፊልድ ሰንጢ ስይዝ ይህ አይጠፋኝም።

ከእነዚያ ጌቶች የመጨረሻው ተብሎ የሚታወቀው ስታን ሾው በ14 ዓመቱ ሙያውን ጀምሮ፣ ከሰባ ዓመት በላይ በእጁ ሲሠራ ኖሮ በ2021 ዐረፈ። የሠራቸው ሰንጢዎች ዛሬም ሲዘጉ ቀጭ ይላሉ።