ፕ/ር መረራ ጉዲና፦ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ፓርላማ፣ ከዚያ ወደ ልደታ ችሎት

ከተክለ ሃይማኖት ትንሽ ወረድ ስንል ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብን እናገኛለን። በ2009 ዓ.ም. እዚህ ተከሳሽ ሆነው ከቀረቡት አንዱ የቀድሞ የፓርላማ አባልና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። ታሪካቸውን በአጭሩ እንንገራችሁ።

🔹 ተማሪው
መረራ የአምቦ አካባቢ ልጅ ናቸው። በደርግ ጊዜ ተማሪ ሳሉ በመኢሶን አባልነታቸው ታስረው 7 ዓመት ያህል ቆዩ። ሲፈቱ ካይሮ በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፤ ዶክትሬታቸውን ደግሞ ሆላንድ፣ ዘ ሄግ ሠሩ።

🔹 መምህሩ
አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ፖለቲካል ሳይንስ አስተምረዋል። ጎን ለጎን በ1988 ዓ.ም. የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስን (ኦብኮ) መሠረቱ። ደመወዛቸውን የሚከፍለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የሚቃወሙት ደግሞ መንግሥትን! በዚህ ብቻቸውን አልነበሩም። የባዮሎጂው ፕ/ር በየነ ጴጥሮስም እዚያው ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ተቃዋሚ ፓርቲ መርተዋል።

🔹 የሕዝብ ተወካዩ
በምርጫ 97 መረራ በኅብረት ስም ተወዳድረው አሸነፉ። ብዙ የቅንጅት መሪዎች ፓርላማ አንገባም ብለው ኋላም ሲታሰሩ፣ እሳቸው ገብተው መከራከርን መረጡ። ይህ ውሳኔ ያኔ ከራሱ ከተቃዋሚው ጎራ ሳይቀር ወቀሳ አምጥቶባቸዋል። በ2002 ምርጫ ግን ከ547 ወንበር ለተቃዋሚ ፓርቲዎች የደረሰው 1 ብቻ ሆነ፤ መረራም ወንበራቸውን አጡ። ቆይተው ከዩኒቨርሲቲውም ተሰናበቱ።

🔹 እስረኛው
ጥቅምት 30 ቀን 2009 ብራስልስ፣ አውሮፓ ፓርላማ ተገኝተው ስለ አገሪቱ ሁኔታ ተናገሩ። ከዶ/ር ብርሃኑ ነጋና ከአትሌት ፈይሳ ሌሊሳ ጋር ነበሩ። አገር ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበርና፣ ኅዳር 21 ሲመለሱ ተያዙ። ከዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ ክሳቸው ተቋርጦ ጥር 9 ቀን 2010፣ ልክ በከተራ ዋዜማ ተፈቱ።

🔹 ከዚያስ?
በሊቀመንበርነት ወደሚመሩት ኦፌኮ ተመለሱ። ፓርቲው አባሎቼ ታስረውብኛል፣ ጽ/ቤቶቼ ተዘግተውብኛል ብሎ ከ2013ቱ ምርጫ ወጣ። ስለዚህ ምርጫን ለዓመታት ያስተማሩት ሰው በሕዝብ ድምፅ ፓርላማ የተቀመጡት ለአንድ ዘመን፣ ለ5 ዓመት ብቻ ነው። በሁለት መንግሥታት የታሰሩበት ጊዜ ሲደመር ግን ከዚያ ይበልጣል።