የአንኮበር ገደል አፋፍ፦ ያለ ክፍያ የሚጎበኘው የይፋት ሰገነት

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ዳርቻ የላትም። ድንጋያማ አፋፍ ላይ ቆሞ ከእግሩ ሥር እስከ አድማስ የተዘረጋ ሜዳ ማየት የሚሻ ሰው ግን ሰሜን ሸዋ ይበቃዋል። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለው ደጋ በስተምሥራቅ በድንገት ያልቅና ወደ ይፋት ቆላና ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። ጠዋት ጭጋጉ ሸለቆውን ሲሞላው ኮረብታዎቹ በውኃ መካከል እንዳሉ ደሴቶች ሆነው ይታያሉ።

ይህን ለማየት ትኬት አያስፈልግም፤ ከመንገዱ ዳር የሚታየው ሁሉ ለመንገደኛው ክፍት ነው። ለሙስሊም ጎብኚ ደግሞ ቦታው ከመልክዓ ምድር በላይ ትርጉም አለው። ከገደሉ ሥር ያለው አገር የይፋት ሱልጣኔት የነበረበት፣ ከዚያም በኋላ ለዘመናት የሙስሊም ነጋዴዎች ቅፍለት ያለፈበት ምድር ነው።

ቦታው የት ነው?

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ አንኮበር የሚታጠፈው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌላው አማራጭ በዋናው የደሴ መንገድ ቀጥሎ ጣርማ በር መድረስ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረው ዋሻ ያለበት ይህ ቦታ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ መንገዱ ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ የሚበዛበት የወፍ ዋሻ ደን አለ።

የአንኮበር ስም በአካባቢው ትውፊት «የአንኮ በር» ማለት ነው ይባላል። በእርግጥም ቦታው በር ነው፤ ከቆላው የሚመጣ መንገደኛ ወደ ሸዋ ደጋ የሚገባበት አንዱ መውጫ ይህ ነበር።

አለቱ ከየት መጣ?

የሰሜን ሸዋ ደጋ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ አለት በላይ በላዩ ተደራርቦ የሠራው ነው። በኋላ የስምጥ ሸለቆው ሲከፈት የምሥራቁ ወገን ሰመጠ፤ የቀረው ጫፍ ገደል ሆነ። መከፈቱ ዛሬም አልቆመም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ ተሰንጥቋል። የሥነ ምድር ሊቃውንት ይህ ሂደት ከቀጠለ በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ባሕር ወደ አፋር ሊገባ እንደሚችል ይናገራሉ። የሚሆነውን አላህ ያውቃል።

ሱረቱል ጋሺያ ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራራንና ምድርን እንድንመለከትና እንድናስተነትን ይጠራናል። ከአንኮበር አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ሰማዩን፣ ተራራውንና የተዘረጋውን ምድር በአንድ እይታ ያገኛቸዋል። ግመሉም ከታች፣ ከቆላው አለ።

ከገደሉ ሥር ያለው ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የመኽዙሚዎችን የሸዋ ሱልጣኔት አስወግዶ ግዛቱን ወደ ይፋት ጠቀለለ። ይፋት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከደጋው ነገሥታት ጋር አንዴ በንግድ፣ አንዴ በግብር፣ አንዴ በጦርነት የተገናኘ ኃያል ሱልጣኔት ነበር። በ2000ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳውያን አርኪኦሎጂስቶች በዚህ አካባቢ ባደረጉት ጥናት ኖራ፣ አስበሪና መሰል የተባሉትን የፈረሱ ከተሞች መርምረዋል። በድንጋይ የተሠሩ መስጊዶችንና ቤቶችን፣ እንዲሁም በዐረብኛ የተጻፈባቸውን የወላስማ ሱልጣኖች መቃብሮች መዝግበዋል።

የወላስማ ስም ከሱልጣኔቱ ጋር አልጠፋም። ከ1813 እስከ 1847 (እ.ኤ.አ.) ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫቸው አንኮበር በነበረበት ጊዜ፣ ይፋትን የሚያስተዳድሩት ወላስማ ሙሐመድ ነበሩ። ራሳቸውን ከጥንቱ ሥርወ መንግሥት የሚቆጥሩት እኚህ ሰው መቀመጫቸው ጎንቾ ነበር፤ ከባሕር ወደብ የሚመጣውን መንገድም የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ።

ከአንኮበር በታች በስተምሥራቅ ያለችው አሊዩ አምባ የዚያ መንገድ ዋና ገበያ ነበረች። ከታጁራ የሚነሣው ቅፍለት የአሳልን ጨውና የውጭ ዕቃ እያመጣ እዚህ ያራግፍ ነበር። አርጎባው፣ አፋሩና ሐረሪው በዓርብ ገበያዋ ይገናኙ ነበር፤ የሐረር ነጋዴዎችም በከተማዋ ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች በካፒቴን ሃሪስ መሪነት ወደ ንጉሡ የወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም በ1887 የጦር መሣሪያ የጫነ ቅፍለት ይዞ አንኮበር ደርሷል።

ታሪኩን ስናወሳ ግን ሙሉውን እናውሳ። በዚያ መንገድ ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን በባርነት የተሸጡ ሰዎችም ወደ ባሕር ወርደዋል። የንግዱን ሞገስ የራሳችን አድርገን የተበዳዮቹን እንባ መርሳት ፍትሕ አይሆንም።

አብዛኛው ጎብኚ አንኮበር ላይ የሚሰማው የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ታሪክ ነው። እሱም የአገራችን ታሪክ ነውና ይሰማ። ነገር ግን ልጆቹን ይዞ የወጣ አባት ጀርባውን ለኮረብታው ሰጥቶ ወደ ታች ካላሳያቸው ግማሹን ሳይነግራቸው ይመለሳል። በሸዋ የአርጎብኛ ቋንቋ ቦታውን በአብዛኛው ለአማርኛ ለቅቋል፤ የቆዩ ስሞችንና ትውፊቶችን የሚያውቁት አዛውንቶች ናቸው። እነሱ ሳያልፉ መጠየቅ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ለሙስሊም ተጓዥ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ቂብላ፦ አንኮበርና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ቂብላው ወደ ሰሜን ነው። ፊትዎን ወደ ቆላው፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ካዞሩ ቂብላ በግራ እጅዎ በኩል ነው።

ሶላት፦ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ብዙ ዑለሞች ለመንገደኛ መነሻ ካደረጉት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ስለሚጓዝ ባለ አራት ረከዓ ሶላቶችን ወደ ሁለት ማሳጠር ይችላል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ አንኮበር ደርሶ የሚመለስ ነዋሪ ግን ርቀቱ ስለማይሞላ ሙሉ ይሰግዳል። ሁለት ሶላት በአንድ ወቅት ማጣመርን በተመለከተ መዝሀቦች ይለያያሉና የአካባቢዎን ዓሊም ይጠይቁ።

ውዱእ፦ አፋፉ ላይ ውኃ አይገኝም። በጀሪካን ወይም በሃይላንድ ይዘው ይሂዱ፤ ባዶውን ሃይላንድ ደግሞ ይዘው ይመለሱ።

ዚክር፦ ዳገት ሲወጡ ተክቢር፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ተስቢሕ ማለት ከሶሐቦች የተላለፈ የጉዞ ሱና ነው። ለዚህ ሱና ከአንኮበር የተሻለ መንገድ ማግኘት ያስቸግራል።

ወቅት፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊትና ማለዳው ግን ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብሷ የታወቀችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት አይርሱ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብና ጉም ስለሚበዛ ገደሉም አይታይም፣ መሬቱም ያንሸራትታል።

ጥንቃቄ፦ አፋፉ አጥር የለውም። ልጆችን በእጅ ይያዙ፤ ለፎቶ ብለው ወደ ጫፍ አይጠጉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን ያጣሩ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የሰሜን ሸዋ መንገዶች በተለያየ ጊዜ ተዘግተዋል። በአካባቢው ያለ ዘመድ ወይም የመናኸሪያ ሾፌር «ተዉት» ካለ ጉዞውን ያቆዩት። ነፍስን መጠበቅ ከሽርሽር ይቀድማል።

በነጻ ሲባል

አፋፉ ነጻ ነው ማለት የአካባቢው ሰው ምንም አያገኝም ማለት መሆን የለበትም። ስንቁን ሁሉ ከአዲስ አበባ ጭኖ መጥቶ ቆሻሻውን ጥሎ የሚሄድ እንግዳ ለአገሬው ሸክም ነው። ሻዩን እዚያው ይጠጡ፤ መንገድ ያሳየውን ልጅ አያሰናብቱት በባዶ እጁ። ወደ ታጠረ ወይም ወደ ተከለለ ስፍራ ሲገቡ ክፍያ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ።

በገደሉ ላይ ሣር የሚግጡት ጭላዳ ዝንጀሮዎች በአገራችን ብቻ የሚገኙ ናቸው፤ ዳቦ አይወርውሩላቸው። በአንኮበር ስም የተሰየመች፣ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ትንሽ ወፍም በእነዚህ አለቶች ላይ ትታያለች፤ ድንጋይ አይወርውሩ። በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር በኩል ሲያልፉ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ደጋውና ቆላው ጉርብትናቸውን ያቆዩት በመከባበር ነው። ወደ ይፋት ወርደው የጥንት መስጊድ ወይም መቃብር ካገኙ ለሙታኑ ሰላምታ ያቅርቡ፣ ዱዓ ያድርጉ፤ ድንጋዩ ላይ አይውጡ፣ ጽሑፍ ያለበትንም ስባሪ ለማስታወሻ ብለው አያንሱ። ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ታሪኩን መናገር ያቆማል።