ሉፕ የሚለው ስምና ያልተመዘገበው ሕመም

በኮልፌ ቀራንዮም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል፣ በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው የወሊድ መከላከያ ሉፕ ይባላል። ዛሬ በብዛት የሚገባው ግን መዳብ የተጠመጠመበት፣ የቲ ፊደል ቅርጽ ያለው ነው። ስሙ የቀረልን ዶክተር ጃክ ሊፕስ የተባሉ አሜሪካዊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካወጡት የፕላስቲክ ጥምዝ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ቀድሞ፣ በ1920ዎቹ፣ ጀርመናዊው ሐኪም ግሬፈንበርግ የሚጠቀሙበትን ቀለበት ለማስገባት የማሕፀንን አፍ ማስፋት ግድ ነበረ። የሊፕስ ፕላስቲክ ግን በቀጭን ቱቦ ውስጥ ተዘርግቶ ይገባና ከውስጥ ሲደርስ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ስለዚህ ያለ ማደንዘዣ በጥቂት ደቂቃ የሚፈጸም ሥራ ሆነ። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 ሲቋቋም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በአንዲት ክፍልና በአንዲት ነርስ እንደ ጀመረ ስናስብ፣ እንዲህ ያለው ዘዴ ባለሙያ በጠፋበት አገር ለምን እንደሚወደድ ይገባናል። በዚያ ላይ የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበርና ሴቶቹ በአደባባይ የሚነጋገሩበት መንገድ ጠባብ ነበረ።

እንደ እኔ አስተያየት ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ «ማደንዘዣ አይጠይቅም» የተባለው ቀስ በቀስ «አያምም» ወደ ማለት ዞረ። የማሕፀን አፍ በመቆንጠጫ ሲያዝ፣ ጥልቀቱ በዘንግ ሲለካ፣ መሣሪያውም ሲገባ ቁርጠት አለ፤ ወልዳ በማታውቅ ሴት ላይ ይብሳል። የ2016ቱ የሕዝብና የጤና ጥናት ካገቡ መቶ ሴቶች 23ቱ መርፌ፣ 2ቱ ብቻ ሉፕ እንደሚጠቀሙ ቆጥሯል፤ ሕመማቸውን ግን አልቆጠረም።

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በማሕፀን አፍ አካባቢ የሚሰጥ ሊዶኬይን ሕመሙን ሊቀንስ እንደሚችል በመመሪያው የጻፈው በ2016 ነው። ሊዶኬይን ራሱ ከሉፕ ይቀድማል፤ ከ1948 ጀምሮ ሲሸጥ ኖሯል።