«ሺህ ዓይን ያየዋል» ብዬ ያስተማርኳችሁን ዛሬ ላርመው

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ አዲስ የወጣ ኦፕን ሶርስ ፓኬጅ አግኝተናል፤ ሥራችንን በግማሽ ይቀንስልናል። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ችግር የለውም አይደል? እርስዎ ራስዎ ሺህ ዓይን ያየዋል ይሉን ነበር።»

ልክ ነው፣ እል ነበር። ለዓመታት ብያለሁ። ለእሱ ብቻ ከምመልስለት እዚሁ ልጻፈው፤ ያስተማርኳችሁ ግማሽ እውነት ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማስጠንቀቂያው የቆየ ነው። ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ አንድ ነገር አሳየ፦ ኮምፓይለሩ ራሱ ከተመረዘ፣ ያነበባችሁት ኮድ ንጹሕ ሆኖ የሚወጣው ፕሮግራም ግን የተመረዘ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የምታምኑት ኮዱን ሳይሆን የሠራውን ሰው ነው።

በ2018 ይኸው በተግባር ታየ። ኢቨንት-ስትሪም የተባለ የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ባለቤት ሥራውን ትቶት ሳለ አንድ የማያውቀው ሰው «እኔ ልያዝልህ» አለው፤ ሰጠው። ተረካቢው ሌላ ትንሽ ፓኬጅ ጨመረበት፤ በዚያች ውስጥ የቢትኮይን ቦርሳ ቁልፍ የሚሰርቅ ኮድ ተደብቆ ተገኘ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የኤክስዜድ ታሪክ ነው። ኤክስዜድ ፋይል እየጨመቀ የሚያሳንስ፣ ሊኑክስ ባለበት ሁሉ ማለት ይቻላል ያለ መሣሪያ ነው። ይህን ሁሉ ዓለም የሚጠቀምበትን ነገር ለዓመታት የተሸከመው በዋናነት አንድ ሰው ነበር፤ ላሴ ኮሊን የተባለ ፊንላንዳዊ፣ ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜው።

በ2021 «ጂያ ታን» የሚል ስም ያለው ሰው ብቅ አለና ጠቃሚ ማሻሻያዎችን መላክ ጀመረ። በ2022 ደግሞ ሌሎች የማይታወቁ ስሞች «ሥራው ተጓተተ፣ ለሌላ ሰው ስጥ» እያሉ ኮሊንን ወጥረው ያዙት። እሱም የጤና ችግር እንዳለበትና ሥራው ደመወዝ የሌለው መሆኑን አስረዳ። ቀስ በቀስ ኃላፊነቱ ለጂያ ታን ተካፈለ። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ለካ ሌባም ያውቀዋል!

በየካቲት 2024 አዲሱ ቨርሽን 5.6.0 ወጣ። ተንኮሉ ለሙከራ የተቀመጡ በሚመስሉ ፋይሎች ውስጥ ተቀብሯል። የሚቀሰቅሰው ትእዛዝ ደግሞ ሁሉም ሰው ገብቶ በሚያየው ኮድ ውስጥ የለም፤ ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው የገባው። የሚታየው ሌላ፣ የሚጫነው ሌላ። ሺህ ዓይን ቢያፈጥ ምን ሊረባ? ዓላማው ሰርቨሮችን ከሩቅ የምናስተዳድርበት ኤስ ኤስ ኤች ላይ፣ ቁልፉን የያዘ ሰው ብቻ የሚገባበት የጓሮ በር መክፈት ነበር።

እንዴት ተያዘ? በማይክሮሶፍት የሚሠራው መሐንዲስ አንድሬስ ፍሮይንድ ሌላ ነገር እየለካ ሳለ፣ ወደ ሰርቨር መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አየ። «ኢንተርኔቱ ነው» ብሎ አላለፈውም። ፈለፈለው፤ መጋቢት 29 ቀን 2024 ለዓለም አሳወቀ። የተመረዘው ቨርሽን እንደ ዴቢያንና ፌዶራ ባሉት የሙከራ ስሪቶች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ብዙው ሰው ወደሚጠቀምባቸው የተረጋጉ ስሪቶች ሳይደርስ ተያዘ። ከጂያ ታን ስም ጀርባ ያለው ማን እንደሆነ እስካሁን በይፋ አልታወቀም።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ከኮዱ በፊት የሰውየውን ታሪክ አንብብ። ፓኬጁን የያዙት ስንት ሰዎች ናቸው? በቅርቡ እጅ ቀይሯል? አስረክብ እያለ የሚያጣድፍ አለ? የምታወርደው ጥቅል ከሚታየው ኮድ ጋር አንድ ነው? በስሩስ ስንት ሌላ ፓኬጅ ጎትቶ ያመጣል? በወጣበት ቀን የደንበኛ መረጃ ያለበት ሰርቨር ላይ አትጫነው፤ ለብቻው አስቀምጠህ ሞክረው፣ ቨርሽኑንም ቆልፈው፣ በራሱ እንዳይታደስ።

ይህን ሁሉ ብታደርግም ጂያ ታን በ2023 ፈተናውን ሳያልፍ አይቀርም ነበር። የሁለት ዓመት መልካም ሥራ ነበረዋ! ለዚህ ነው አንዱ ጥበቃ ቢያልፈው ሌላው የሚይዝበትን መንገድ አስቀድመህ ማበጀት ያለብህ።

ለሌሎቻችሁም አንድ ነገር ልበል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በነጻ የምትጠቀሙበትን ፓኬጅ ብቻውን የተሸከመ ሰው ካለ ስህተት ጠቁሙት፣ ሥራ አግዙት፣ ቢያንስ አትጨቅጭቁት። ኮሊንን ያዳከመው አንዱ ይኸው ጭቅጭቅ ነው።

አንተም ለጊዜው አትጫነው። ማን እንደያዘው አጣርተህ ንገረኝና አብረን እናየዋለን።