ከጥምቀት በኋላ የሚሠራ ኀጢአት፦ የሄርማስ «ኖላዊ» እንደሚያስተምረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የጥንት ክርስቲያኖችን አብዝቶ ያስጨነቃቸው ጥያቄ «ከተጠመቀ በኋላ የበደለ ሰው መመለሻ አለውን?» የሚለው ነበር። ይህን በግልጽ ካነሡት መጻሕፍት አንዱ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮም የተጻፈው የሄርማስ «ኖላዊ» (እረኛ) ነው። ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ባይቆጠርም ለሀገራችን እንግዳ አይደለም፤ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም የተገኘው የግእዝ ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1860 ታትሟል።

ሄርማስ ቀድሞ በሮም ሮዳ ለምትባል ሴት የተሸጠ ባሪያ ነበር። ከዓመታት በኋላ በጤቤር ወንዝ ስትታጠብ አይቷት እጁን ዘርግቶ አወጣት፤ ይህችን የመሰለች ሚስት ብትኖረኝ ብሎም በልቡ አሰበ። ከዚህ ያለፈ ያደረገው የለም። ነገር ግን በራእይ እርሷው ከሳሽ ሆና ተገለጠችለት፤ ክፉ ቃል እንኳ አልተናገርሁሽም ቢላት የልቡን ምኞት አስታወሰችው።

ትምህርቱ በዚህ ቢያበቃ ኀጢአት ከእጅ አስቀድሞ በልብ ይሠራል ብለን ባለፍን ነበር። በአረጋዊት አምሳል የታየችው ቤተ ክርስቲያን ግን የእግዚአብሔር ቍጣ ስለዚያ አሳብ ሳይሆን ልጆቹን ሳይገሥጽ ስለ ተዋቸው እንደ ሆነ ነገረችው። በአንዲት አሳብ የተጨነቀው አባት የቤቱን ጥፋት አላየም ነበር! ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን ክፍል አብልጠን እንወደዋለን።

መልአከ ንስሓ የሆነው እረኛ ከጥምቀት በኋላ አንዲት ንስሓ ብቻ እንዳለች ይናገራል። ይህን ያነበበ ሰው ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም፤ በዚያው መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያን በምትመሰልበት ግንብ አጠገብ የተጣሉ ድንጋዮች አሉ፤ ግንቡ ሳያልቅ ንስሓ ቢገቡ ለሕንፃው ይበቃሉ። ተርቱልያኖስ በኋለኛ ዘመኑ ይህችን አንዲት በር እንኳ እንደ ልቅነት ቈጥሮ መጽሐፉን ነቅፏል።

ቤተ ክርስቲያን ግን በሩን አልዘጋችም። እ.ኤ.አ. በ250 በዳክዮስ ስደት ለጣዖት የሠዉ ብዙዎች ሆኑ። በማግሥቱ ዓመት በቅዱስ ቆጵርያኖስ ሰብሳቢነት በካርቴጅ የተደረገው ጉባኤ በንስሓ መመለስ እንደሚችሉ ወሰነ፤ ኖቫትያኖስ በሮም ይህን ተቃውሞ ተለየ። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ከኖቫትያኖስ ወገን የሚመለሱ ካህናት ከወደቁትና ንስሓ ከገቡት ጋር አንድነት እንዲኖራቸው በጽሑፍ አስፈረሟቸው፤ የንስሓ ዘመኑን ሳይፈጽም ለሞት የተቃረበ ሰውም ሥጋ ወደሙ እንዳይከለከል አዘዙ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።