ተራራ የሚጋርዳቸው ተናጋሪዎች

የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረችው ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተራሮችና በሸለቆዎች መካከል ትገኛለች። እንዲህ ባለ አገር ሽቦ መዘርጋትም ሆነ የስልክ ማማ ማቆም ብዙ ድካም ይጠይቃል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜም (ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም.) በብዙ የሰሜን ወረዳዎች ስልክ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ያለ ማዕከል ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ መልእክት የሚቀባበል መረብ ለዚህ አገር ይጠቅማል እንላለን። የዚህ መረብ ጠላት ግን የመልእክት መጨናነቅ ነውና ታሪኩን ባጭሩ እንመርምር።

እ.ኤ.አ. በ1971 በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቻቸው «አሎሃ» የተባለውን መረብ ሥራ አስጀመሩ። በየደሴቱ ያሉት መሣሪያዎች በአንድ የጋራ ሞገድ ወደ ዋናው ኮምፒዩተር በፈቀዱት ጊዜ ይልኩ ነበር። ሁለት መልእክቶች ከተጋጩ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ ላኪዎቹም እያንዳንዳቸው በዕጣ እንደ ደረሳቸው ጥቂት ቆይተው ይደግማሉ። በስሌት እንደ ታየው ግን በዚህ መንገድ ከሞገዱ አቅም ለፍሬ የሚበቃው ቢበዛ 18 ከመቶ ያህል ነው። ላኪ ሲበዛ ድግግሞሹ ራሱ ሌላ ግጭት ይወልዳልና።

ከመናገር በፊት ማዳመጥ መድኀኒት መሰለ። ሆኖም ቶባጊና ክላይንሮክ በ1975 እ.ኤ.አ. ጉድለቱን ገለጹ። ይኸውም በዋግ ምድር በቀላሉ ይታያል። ከሰቆጣ በስተምሥራቅና በስተምዕራብ ሁለት ጣቢያዎች ቢቆሙ፥ ተራራው ስለሚጋርዳቸው አንዱ ሌላውን አይሰማም፤ ሰቆጣ ግን ሁለቱንም ትሰማለች። እያንዳንዱ አየሩ ጸጥ ያለ መስሎት ይናገራል፤ ሰቆጣም የአንዱንም ቃል መለየት አትችልም።

በ1990 እ.ኤ.አ. ፊል ካርን ላኪው አስቀድሞ በአጭር ቃል እንዲጠይቅ፥ ተቀባዩም «ላክ» እንዲል፥ ይህን የሰማ ሌላ ጣቢያ ሁሉ ዝም እንዲል ሐሳብ አቀረበ። በአገራችን የጥንት ሙግት ዳኛው ለባለጉዳዮች ተራ እንደሚሰጥ ማለት ነው።

የፍጥነትም ጉዳይ አለ። ፍጥነት ሲጨምር መልእክቱ በደንብ የሚሰማበት ርቀት ያጥራል፤ ሲቀንስ ደግሞ አንዱ መልእክት አየሩን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። ቫን ጃኮብሰን በ1988 እ.ኤ.አ. መልእክት ሲጠፋ ላኪው መጠኑን በብርቱ ቀንሶ ቀስ በቀስ እንዲጨምር መከረ። በተራራ አገር ግን መልእክትን የሚያጠፋው መጨናነቅ ብቻ ሳይሆን ገደልና ዐለትም ነው። በዚህ ጊዜ መዘግየት ጥቅም የለውም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ አየሩ ነጻ መሆኑን የሚያውቀው ተናጋሪው ሳይሆን ሰሚው መሆኑን ነው። ለዋግ መረብ የሚያቅድ ሁሉ ፈጣን መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ማን ማንን እንደማይሰማ አስቀድሞ በካርታ ሊያሰፍር ይገባዋል።